ጭቃው መሬት አለው ወይ?

ሰው ሁሉ ለምንዬ ነው የሚላት። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን ግን ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ገና አፏን ስትፈታ «ለምን?» ማለት አበዛች። ዝናብ ለምን ከላይ ይመጣል? የድመቷ ዓይን ለምን በጨለማ ያበራል? አባቷ ሲሰለቻቸው «በቃ፣ አንቺስ ለምንዬ ነሽ» አሏት፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ። ኋላ አንዱ ቀልደኛ «ስምሽ እኮ ለማኝ ለማኝ ይላል» ቢላት፣ «ታዲያስ! መልስ ነው የምለምነው» አለችው። አፍ አታጣም፣ ሴትዮዋ።

አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ አረማመዷ ጥድፍ ጥድፍ፣ ሥራዋ የከብት ሐኪም። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሲያጉረመርም ይውላል፤ በሌላኛው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ተንጠልጥሏል። ጓንቱን ያየ ልጅ ሁሉ ለምን እንደሚሆን ይጠይቃታል። እሷም ሳታፍር ታስረዳለች፤ የሚያፍሩት እናቶቹ ናቸው።

የምትወደድበትም የምትጠላበትም ነገር ያው ጥያቄዋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ «ላሜ መብላት ትታለች» ብሎ መጣ። ሌላ ሐኪም ቢሆን መርፌ ወግቶ ይሸኘው ነበር። እሷ ግን «ስትሄድ ታቃስታለች? ዳገት ላይ ነው ወይስ ቁልቁለት?» እያለች ነዘነዘችው። ሰውዬው ቱግ አለ። «ላም ናት እኮ፣ አላማከረችኝም!» አላት። ለማንኛውም ሄዶ አየ፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ ነው የምታቃስተው። «እንግዲያው ሚስማር ውጣለች፤ ስትወርድ ወደፊት እየገፋ ይወጋታል» አለችና ማግኔት አስዋጠቻት። ላሚቱም በሳምንቷ ገለባዋን ጠራርጋ በላች። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ለምንዬ የምትጠይቀውን ሁሉ ቤቱ ሆኖ አስቀድሞ አጥንቶ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች፣ ሁሉን የምትጠይቅ ሰው፣ ዓይኗ ሥር ያለውን አንድ ነገር ሳትጠይቅ ሃምሳ ዓመት ኖረች ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። ኖረች። ነገሩ የወጣው በጎማ ሰበብ ነው።

መሥሪያ ቤቷ የሰጣት ባለአራት ጎማ ሞተር አለች። ቀይ ናት፣ ዝቅ ያለች፤ እንደ ሞተር ሳይክል ይፈናጠጧታል እንጂ እንደ መኪና አይገቡባትም። ሰዉ «በርጩማዋ» ነው የሚላት። «ሐኪሟ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መጣች» ሲባል ማንም አይስቅም፤ ለምዶታል። አራት ዓመት ድንጋይና እሾህ ስትረግጥ ከርማ ጎማዎቿ ተበልተው መላጣ ሆኑ። አንድ ሰኞ ኃላፊው ጠራትና «አዲስ ጎማ ሊታዘዝልሽ ነው። የምትፈልጊውን መጠን መርጠሽ እስከ ዓርብ ጻፊልኝ። አንዴ ከታዘዘ ግን አራት ዓመት የጎማ ወሬ እንዳልሰማ» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን «ያንኑ እዘዝልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ለምንዬ ግን ከዚያ ጎማ ጋር ቂም ነበራት።

ከሰፈሩ በታች ረግረግ አለ። በበጋ ጊዜ ደርቆ ይሰነጣጠቅና መኪና ሳይቀር ያልፍበታል። ዝናብ ሲገባ ግን ጭቃ ይሞላዋል፤ ያኔ ማዶ ለመሄድ በድልድዩ በኩል ግማሽ ቀን መዞር ነው። ሰዉ ረግረጉን «መሬት የለሽ» ይለዋል። እግሩን ያስገባ አይወጣም ይባላል። አንድ በሬ ገብቶ ቀንዱ እንኳ አልተገኘም ይባላል። አንድ ሙሽራ ከነፈረሱ ሰምጧል ይባላል። ይባላል፣ ይባላል! በሬው የማን እንደነበር የሚያውቅ ግን አንድም ሰው የለም። እናቶች ልጆቻቸው እዚያ እንዳይጫወቱ ያስፈራሩበታል፤ ልጆቹም አድገው የራሳቸውን ልጆች ያስፈራሩበታል።

ማዶ ከሚኖሩት አንዷ እትዬ ማዶ ናቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ቀይ ላም ነበረች። ባለፈው ዓመት በዝናቡ ወቅት፣ ገና በጠዋቱ ስልክ ደወሉ። «ለምንዬ፣ ምጥ ላይ ናት። የጥጃው አንድ እግር ብቻ ነው የታየው» አሉ። ለምንዬ ወዲያው ገባት፤ ሁለተኛው እግር ወደኋላ ታጥፏል፣ እጅ ገብቶ ካላስተካከለው ላሚቱ አትገላገልም። በድልድዩ ብትዞር ግማሽ ቀን ነው። ልቧ አልቻለም፤ በአቋራጩ በረግረጉ ገባች።

መሃል ስትደርስ በርጩማዋ ሆዷን ጭቃው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ፣ ጭቃ ወደ ኋላ ይረጫሉ፣ ወደፊት ግን አንድ ስንዝር የለም። ለምንዬ እግሮቿን ከጭቃው ሰብስባ መቀመጫው ላይ ቆመች። መውረድ አላሰበችም። እንዴት ታስበዋለች፣ መሬት የለሽ እኮ ነው! ጥሩንባ እየነፋች፣ ስልክ እየደወለች፣ ዝናብ እየደበደባት አራት ሰዓት ቆመች። በመጨረሻ ሰዎች ሳንቃ እየዘረጉ፣ ትራክተር በገመድ እየሳበ አወጧት። ዞራ ማዶ ስትደርስ ላሚቱም ጥጃዋም ሞተዋል። እትዬ ማዶ ከላሚቱ ራስ አጠገብ ተቀምጠው ቀና እንኳ አላሉም። «ደክሞሻል ልጄ፣ ግቢ» ብቻ አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ማዶ ደውለው አያውቁም። ልጃቸው አንዲት ጊደር ሰጥታቸዋለች፤ ጊደሯ ከብዳለች፣ በዚህ ወር ትወልዳለች፣ ይህንን ለምንዬ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ዝናቡም ጀምሯል። ዓመቱን ሙሉ አንዲት ነገር ስታመነዥክ ነው የከረመችው፦ ትልቅ ጎማ ቢኖረኝ ኖሮ እደርስ ነበር። ዘንድሮ ጥሪው ከመጣ መድረስ አለባት። ከዚህ ሌላ ከዚያ ጎማ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት ጎሚስታው ዘንድ ሄደች። ንፋሱ ነው የሚሉት፤ ቀኑን ሙሉ ንፋስ ሲሞላ ስለሚውልና ወሬውም ስለማያልቅ። ሱቁ አሮጌ ኮንቴይነር ነው፤ ደጁ ላይ ጎማ በጎማ ላይ ተቆልሏል፣ አንድ ትልቅ ሳፋ ውሃ ተቀምጧል፣ እሱ እዚያ ውስጥ የጎማ ከመነዳሪ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል።

«ትልቅ ጎማ እፈልጋለሁ» አለችው።

«ትልቅ ማለት?»

«ትልቅ ነዋ! ትልቅ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ላስተምርህ?»

ንፋሱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዶክተር፣ ትልቅ ሁለት ዓይነት ነው። ረጅምም ትልቅ ነው፣ ሰፊም ትልቅ ነው። የቱን ነው የምትይው?»

ለምንዬ ይህንን አላሰበችውም ነበር። እሱም አጋጣሚውን አላለፈውም፤ በርጩማዋ አጠገብ ቁጢጥ አለና ከጎማው ጎን ያለውን ጽሑፍ በጣቱ ጭቃውን ጠርጎ አሳያት። «ሃያ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት። ሃያ አምስቱ ቁመቱ ነው፣ ከመሬት እስከ አናቱ። አሥሩ ስፋቱ። አሥራ ሁለቱ የቸርኬው፣ ጎማው የለበሰው ብረት ማለት ነው። ሁሉም በኢንች።»

አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየችው ቁጥር ነው። የፋብሪካ ቁጥር ይመስላት ነበር። አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አላት፣ የማታውቀው ነገር ሲገኝ የሚያስደስታት ሰው ናት። እዚያው ደጁ ላይ ያለውን የጎማ ክምር ሁሉ እየዞረች ታነብ ጀመር። «ይሄ የጭነት መኪና ነው? ይሄስ ለምን መስመር መስመር ሆነ? ይሄኛው ለምን ጥርሱ ተራራቀ?»

«ጭቃ እንዲተፋ ነው። ጥርሱ ከተጠጋጋ ጭቃው መሃሉ ይቀረቀርና ጎማው እንደ ዳቦ ለስላሳ ይሆናል። እንግዲህ ለአንቺ ሰፊ የሚሻልሽ መሰለኝ።»

«ሰፊማ ቤት አለኝ» አለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ንፋሱ ሳቀና ሳቀና ከመነዳሪው ሳፋው ውስጥ አምልጦት ገባ።

ከዚያ በቁም ነገር ተያያዙት። ጎማው ሲረዝም ሞተሩ ይከብደዋል፣ ዳገት ላይ ያቃስታል አላት። ለምን? እያንዳንዱ ዙር ብዙ መንገድ ስለሆነበት። ፍሬን ስትይዢም ቶሎ አትቆምም አላት። ለምን? ያው፣ ከባድ ነገር ሲሮጥ ለማቆምም ከባድ ነው። መሪውን ስትጠመዝዢ ጎማው ከላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ይፈትገዋል አላት። የፍጥነት ቆጣሪው ደግሞ ይዋሻል፤ ሠላሳ ሲልሽ ከሠላሳ በላይ እየሄድሽ ነው አላት። እዚህ ላይ አላመነችውም። «ቆጣሪ ለምን ይዋሻል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጎማ ልትመርጪ ነው የመጣሽው ወይስ ልታገቢው?»

«ባገባውም እጠይቀዋለሁ!»

ንፋሱ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ ስሚኝ፤ ዋናውን ልንገርሽ። ሰፊ ጎማ ክብደቱን ዘርግቶ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ይወርድና ታች ያለውን መሬት ይረግጣል። መሬት ከሌለ ሰፊ ነው የሚያዋጣው። መሬት ካለ ረጅምና ቀጭን። አሁን ያለሽ መሃል ሰፋሪ ነው፤ በደንብ አይንሳፈፍ፣ በደንብ አይወርድ። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ጭቃው መሬት አለው ወይ?»

«የለውም» አለች ወዲያው።

«በምን አወቅሽ?»

«ሁሉም ያውቀዋል። ስሙ ራሱ መሬት የለሽ ነው እኮ!»

«የእኔስ ስም ንፋሱ አይደል? ነፋስ ነኝ?» አላትና ተነሳ። «በበጋ መኪና ሲያልፍበት በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናብ ሲመጣ መሬቱ ሻንጣውን ሸክፎ የት ይሄዳል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፣ ዶክተር። ማነው የለካው?»

ለምንዬ የምታውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች። ማንም አልለካውም። የምታውቀው ሰው ሁሉ፣ እሷን ጨምሮ፣ ማንም።

ቤቷ ስትገባ ልብስ ሰፊው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። የሰማችውን አንድ በአንድ ስታወራለት ክሩን ሳይበጥስ አዳመጣት፤ የሠላሳ ዓመት ባል ነው፣ ሚስቱ ነገር ስትይዝ ሱሪ እንደማይሰፋ ያውቃል። «ቆጣሪው ይዋሻል ያለውንማ እዚሁ ማየት እንችላለን» አለ። ጎማው ላይ በልብስ ጠመኔ ምልክት አደረገ፤ በርጩማዋን ገፍተው አንድ ዙር አስኬዷት፣ መሬቱን በሜትሩ ለካው። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ጎማው ሁለት ኢንች ቢረዝም ዙሩ በአሥራ ስድስት ሳንቲም ግድም ይጨምራል፤ ቆጣሪው ግን ዙሩን እንጂ መንገዱን አያይም። ለምንዬ አጨበጨበች። «አይ ምስኪን፣ ሳያውቅ ነዋ የሚዋሸው!»

ቀጥሎ ግን የከፋ ነገር አገኙ። ልብስ ሰፊው ሁለት የድስት ክዳን፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ፣ ግድግዳው ሥር አቆመና መሃላቸውን በጣቱ ነካ። «እይ እመቤቴ። የጎማው መሃል ነው የሞተሯን ሆድ የሚሸከመው። ሁለት ኢንች ብትጨምሪ፣ አንዱ ኢንች ከላይ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ከታች። ሆዷ የሚነሳው አንድ ኢንች ብቻ ነው።»

«አንድ ኢንች?» አውራ ጣቷን አየችው። ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው የከረመችው ትልቅ ጎማ በአውራ ጣቷ ስፋት ነው የሚያነሳት። ሆድ ባሳት። አንድ ኢንች ያንን ቀን ያድን ነበር? የማያድን ቢሆንስ?

«እንግዲያው ንፋሱ ያለው ነው ልክ» አለች። «ጥያቄው የጎማው አይደለም፣ የጭቃው ነው። ነገ እንለካዋለን።»

ልብስ ሰፊው ክዳኑን አስቀመጠ። «ማን? እኛ?»

ረቡዕ ጠዋት አንድ ረጅም የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ወረዱ። ልብስ ሰፊው በየአሥር ሳንቲሙ ነጭ ክር አስሮበታል፤ ክሩ ሁሉ እኩል ነበር፣ ሙያ ነውና። ወገቧን በገመድ አሰራት፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ በራሱ ወገብ ላይ ጠመጠመ። «ከሰመጥሽ እጎትትሻለሁ። ካቃተኝ አብረን ነን» አላት። በቀልድ ያለው መስሏት ዞር ስትል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ተው እንጂ አንተ፣ ጭቃ እኮ ነው» አለችው።

እንጨቱን አስቀድማ ሰደደች። ሃያ። አንድ እግሯን አስገባች፤ ብርድ ብርድ አላት፣ ጭቃው በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ወጣ፣ ከሥሩ አንድ ደረቅ ነገር ተቀበላት። ሠላሳ። ሁለት እርምጃ። ሠላሳ አምስት። እንጨቱ ታች ሲደርስ ቋ ይላል፤ ጠጠር ነው። «ቋ ይላል!» ብላ ጮኸች። «ምን ይላል?» አለ ባሏ ገመዱን ጨምድዶ። «ቋ! መሬት አለው! አንተ ሰውዬ፣ መሬት አለው!»

ከዚያማ ማን ያቁማት! እንጨቱን ትሰዳለች፣ ቁጥሩን ትጮሃለች፣ ትራመዳለች። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ አምስት። አርባ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እዚህ ለምን ጠለቀ? የመኪና ዱካ ስለሆነ። እዚያስ ለምን ቀለለ? ሃምሳ ዓመት የፈራችውን ነገር እንደ ታማሚ ላም ሆዱን ትደባብሰዋለች። ሳቋ ረግረጉን ሞላው። ገመዱ ሲያልቅ ከወገቧ ፈታችውና ጣለችው፤ ባሏ «ኧረ በፈጠረሽ!» ሲል አልሰማችም።

መሃል ላይ ስትደርስ አንድ ሳንቃ ጫፉ ከጭቃው ብቅ ብሎ አየች። ባለፈው ዓመት ሊያወጧት የመጡት ሰዎች ከዘረጉት አንዱ ነው፤ ሳይወስዱት ቀርተዋል። እዚህ ነው በርጩማዋ የተቀመጠችው። እዚህ ነው አራት ሰዓት የቆመችው። እንጨቱን አጠገቡ ሰደደች። ሠላሳ ስምንት ሳንቲም። ወደ እግሯ አየች። ጭቃው ጉልበቷን እንኳ አልሞላም፣ የአጭሯን ሴት ጉልበት።

ሳቋ ተቋረጠ። ወደ ማዶ መሄድ ቀጠለች፤ አሁን ግን ቁጥር አትጮህም፣ እርምጃ ነው የምትቆጥረው። ስልሳ አንድ። ስልሳ አንደኛው ላይ ደረቅ ሣር ረገጠች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ እስከ እትዬ ማዶ ቤት ሩብ ሰዓት ነው። የታጠፈ እግር ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት። አራት ሰዓት ሙሉ መቀመጫ ላይ ቆማ ጥሩንባ ስትነፋ፣ ላሚቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች። ጎማው አልነበረም ያስቀራት። ወርዳ መሄድ ብቻ ነበረባት። ለምንዬ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?» ይላል ባሏ ከወዲያ።

«ደረቅ መሬት ላይ ነኝ!» ብላ ጮኸችለት። ሌላ ምን ትበለው? ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገች። «እትዬ ጋ መሄድ አለብኝ። ጠብቀኝ!»

በመንገድ ላይ ሁለት ሐሳብ ሆነባት። ባትናገርስ? ሆድ ይፍጀው ብላ ብትተወውስ? ሰው ሁሉ በጎማ ማነስ ነው የቀረችው ብሎ ያምናል፤ እሳቸውም ሳያምኑ አይቀሩም። ረጅም ጎማዋን ታዝዛለች፣ በዘንድሮው ጥሪ ትደርሳለች፣ ያለፈው አለፈ። ነገር ግን ሰውን ሁሉ እውነቱን ንገረኝ እያለች ስትነዘንዝ የኖረች ሴት፣ ራሷ ስትጠየቅ ልትዋሽ? ደግሞስ ማን ጠየቃት? ይኸው ነው የከበዳት፤ ማንም አልጠየቃትም።

እትዬ ማዶ ደጃቸው ላይ ለጊደሯ ሣር እያራገፉ ነበር። ለምንዬን ከነጭቃዋ ሲያዩ ሣሩ ከእጃቸው ወደቀ። «በየት መጣሽ?»

«በረግረጉ፣ እትዬ። በእግሬ።»

«በስመአብ! ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ቁጭ ይበሉ፣ እነግርዎታለሁ» አለች፤ እሳቸው ሳይቀመጡ እሷ ግን መናገር ጀመረች፣ ቆም ካለች እንደማትጨርሰው ታውቃለች። «ለካሁት፣ እትዬ። ጭቃው ጉልበቴን አይሞላም። ከታች ጠጠር ነው። ያን ቀን ወርጄ በእግሬ ብመጣ ኖሮ እደርስ ነበር። ላምዎን የገደልኳት እኔ ነኝ። ጎማ አይደለም። እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቅ ቀርቼ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ማዶ ወደ ጊደሯ ዞሩ፣ አንገቷን ይዘው ቆሙ። ጊደሯ ሣሯን ታኝካለች። ለምንዬ ሂጂ እስኪሏት ጠበቀች።

«አይቼሽ ነበር» አሉ እትዬ ማዶ።

«ምን አሉኝ?»

«ያን ቀን። ጥሩንባሽን ሰምቼ ወርጄ ነበር። ዝናብ ነው፣ አንቺ አላየሽኝም፤ እኔ ዳር ካለው ሸምበቆ ውስጥ ነበርኩ። በርጩማሽ ላይ ቆመሽ አየሁሽ። ገብቼ እጇን ይዤ ላምጣት አልኩ። እግሬን አነሳሁ፣ መለስኩት። ደግሜ አነሳሁ፣ መለስኩት። እናቴ አትግቢ እንዳለችኝ።» እጃቸውን ከጊደሯ አንገት አነሱ። «ላሜን ብቻዋን ትቼ ሁለት ሰዓት እዚያ ቆሜያለሁ፣ ስፈራ። ስመለስ አልቆላታል። አንቺን አልነበረም የተቆጣሁት፣ ለምንዬ። አፍሬ ነው። ምን ብዬ ልደውልልሽ? ምን ብዬ ዓይንሽን ልይ?»

ሁለቱ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ሌላዋ ተቀይማኛለች ስትል ነው የከረሙት። ለምንዬ እጃቸውን ያዘች። ከዚያ፣ ሐኪም ናትና፣ የጊደሯን ሆድ ዳበሰች፤ ጡቷን አየች፣ ጭራዋ ሥር ያለውን ጅማት ነካ ነካ አደረገች። «ሁለት ሳምንት ቢቀራት ነው» አለች። «ይደውሉልኝ፣ እትዬ። ረጅምና ቀጭን ጎማ ነው የማዝዘው፣ መሬት የሚረግጥ። እሱም እምቢ ካለኝ በእግሬ እመጣለሁ።»

«አሳዪኝ» አሉ እትዬ ማዶ።

«ምኑን?»

«መሬቱን ነዋ። ነግረሽኛል፣ አላየሁትም።»

አብረው ወረዱ። እትዬ ማዶ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ አስቀመጡ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ዳር ላይ ሲደርሱ እግራቸውን አንስተው መለሱት። ለምንዬ ቀድማ ገብታ እጇን ዘረጋችላቸው። አላጣደፈቻቸውም። ሦስተኛ ሲያነሱት አልመለሱትም፤ ገቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ገለጡትና ሳንቃው ጋ ደረሱ።

«ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«ሌላ የለውም?»

«ሌላ የለውም።»

እትዬ ማዶ በተረከዛቸው ታች ያለውን ጠጠር ደጋግመው መቱት። «ሰባ ዓመት» አሉ። «ሰባ ክረምት ሙሉ ዞሬ ነው የሄድኩት።» ከዚያም የለምንዬን ትከሻ ይዘው አለቀሱ።